ዳንግላ በክር ሲጻፍ

ዳንግላ የሚለው ስም አራት ፊደል ነው። የመጀመሪያው ዳ፣ የመጨረሻው ላ፣ ሁለቱም ራብዕ ናቸው። ራብዕ ያደረጋቸው የቀኝ እግራቸው ከግራው ረዘም ማለቱ ብቻ ነው። እግሮቹ እኩል ከሆኑ ከተማዋ «ደንግለ» ሆና ታርፋለች። ወረቀት ላይ ይህ ማንንም አያስጨንቅም። ጸሐፊው መርፌ፣ ብራናው ደግሞ የኮፍያ ጀርባ ሲሆን ግን የዚያች እግር ርዝመት ትልቅ ጉዳይ ትሆናለች።

ዳንግላ ባለችበት በአዊ ዞን ጥልፍና ጀርባ የቆየ ዝምድና አላቸው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የዋለ ሰው ያውቀዋል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ሲያከብር ዓድዋ የዘመቱት አባቶችና ፈረሶቻቸው ይታሰባሉ፤ ፈረሱም እንደ ሙሽራ አጊጦ ነው የሚወጣው። በግላሱ ላይ የተጠለፈው ሐረግና አበባ ባለቤቱ ለፈረሱ ያለውን ክብር ይናገራል። የዛሬ ወጣት ደግሞ የማኅበሩን፣ የቡድኑን ወይም የትውልድ ከተማውን ስም ኮፍያው ላይ ማየት ይወዳል። ከፊት ዓርማ፣ ከኋላ ከማስተካከያው ቀዳዳ በላይ እንደ ቀስተ ደመና የታጠፈ ጽሑፍ። ይህን የሚጠልፈውን ማሽን ላስተዋውቃችሁ።

የጥልፍ ማሽን ከልብስ ስፌት መኪና የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ልብስ ሰፊው ጨርቁን በእጁ እየመራ ይሰፋል፤ እዚህ ግን ጨርቁ ፍሬም ላይ ተወጥሮ ይታሰርና ፍሬሙን ሞተር ይነዳዋል። መርፌዋ ካለችበት ሳትነቃነቅ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ የሚሄደው ጨርቁ ነው። እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወረቀቱን ከሥሩ እያንሸራተታችሁ ስማችሁን እንደመጻፍ ቁጠሩት። አንዱ ራስ ላይ 12 ወይም 15 መርፌ ይደረደራል፤ እያንዳንዱ የራሱን ቀለም ክር ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው። ከታች የሚሽከረከረው መንጠቆ የላይኛውን ክር ይዞ በቦቢኑ ክር ዙሪያ ያዞረዋል፤ ሁለቱ ይቆላለፋሉ።

ኮፍያ ጠፍጣፋ ስላልሆነ ፍሬሙም ክብ ነው። ኮፍያው ቆርቆሮ በሚመስል ክብ መያዣ ላይ ይለበስና በቀበቶ ይታሰራል፤ ከዚያ በቀጭን ክንድ ዙሪያ ይሰካል። ሸሚዝ ላይ ወደ ግራና ቀኝ የነበረው እንቅስቃሴ እዚህ መዞር ይሆናል። ማሽኑ ለጠፍጣፋ ጨርቅ በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢወጋም ለኮፍያ ወደ 700 ወይም 600 ዝቅ ይደረጋል። ጨርቁ እንደ ልብ ስለማይወጠር ከፈጠነ መርፌዋ ትሰበራለች ወይም ፊደሉ ይንሸራተታል።

የዚህ መሣሪያ ዘር ከአውሮፓ ነው። በ1828 እ.ኤ.አ. ጆሱዌ ሃይልማን የተባለ ሰው ሙሉዝ ከተማ ላይ በእጅ የሚዞር የጥልፍ ማሽን ሠራ፤ በ1863 የስዊሱ ኢሳክ ግሮብሊ ከፊትና ከኋላ ሁለት ክር የሚጠቀመውን አመጣ። የጃፓኑ ታጂማ ባለብዙ ራስ ማሽኑን ያወጣው በ1964 ነው። ዛሬ በፍላሽ ይዘን የምንሄደው «ዲ ኤስ ቲ» የተባለ ፋይል የዚሁ የታጂማ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። ውስጡ ያለው የጉዞ ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ወደ ቀኝ ይህን ያህል ሂድ፣ ውጋ፣ ወደ ታች ይህን ያህል፣ ውጋ፣ ሳትወጋ ዝለል፣ መርፌ ቀይር። መለኪያው የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ዳንም ሆነ ደን ሲጠልፍ በእኩል ትጋት ይጠልፋል። የፊደል ስሕተት ተገኘ ተብሎ ኮምፒውተር ላይ እንደሚጻፍ ደብዳቤ ደምስሶ መጻፍ አይቻልም፤ ጉዞው እንደገና መተለም አለበት። ይህን ጉዞ የሚተልመው ሰው፣ በሙያው ቋንቋ ዲጂታይዝ የሚያደርገው፣ የሥራው ዋና ባለሙያ እሱ ነው። ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ክር የሚቀጥለውን ሁላችንም እናየዋለን፤ ይህኛውን ግን ማንም አያየውም።

ፊደሉን ለወረቀት ከተሠራ ፎንት ወስዶ «ወደ ጥልፍ ቀይር» የሚል ቁልፍ መጫን ይቻላል። ብዙ የተበላሸ የግዕዝ ፊደል ጥልፍ የሚወለደውም ከዚህ ቁልፍ ይመስለኛል። ፊደላችን ወፍራምና ቀጭን መስመር ያለው ነው፤ እግሩ ይወፍራል፣ ማያያዣውና ቅጥያው ይቀጥናል። የጥልፍ ክር ደግሞ ራሱ ወደ 0.4 ሚሊሜትር ይወፍራል። የፊደሉን እግር የሚሞላው ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ የሚያብረቀርቀው ስፌት ነው፤ 8 ሚሊሜትር በምትረዝም እግር ላይ መርፌዋ ወደ 40 ጊዜ ትወርዳለች። ይህ ስፌት ስፋቱ ከ1 ሚሊሜትር ካነሰ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይሰምጣል።

«ፈረሰኛ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ኛን ከና የሚለያት ከራሷ ላይ ያለችው አግዳሚ ሰረዝ ናት። ያቺ ሰረዝ ቀጥና ከሰመጠች ኮፍያው ላይ የሚነበበው «ፈረሰና» ነው። ሐምስ ደግሞ ይብሳል። የሌ ቀለበት ዙሪያዋ ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ይፈልጋል፣ ውስጧም ክፍት ሆኖ ለመታየት ሌላ 1 ሚሊሜትር፤ እንግዲህ ቀለበቷ ብቻዋን 3 ሚሊሜትር ሆነች። ካልሆነ ትደፈንና ከሊ ጋር ትምታታለች። የላቲን ትልልቅ ፊደል በ5 ሚሊሜትር ቁመት ይነበባል። እኔ ግን ሐምስ ያለበት ቃል ከ10 ሚሊሜትር ባነሰ ቁመት ባይጠለፍ እመርጣለሁ፤ ቦታ ከጠበበ ፊደል ከማሳነስ ቃል መቀነስ ይሻላል።

ጎበዝ ባለሙያ ስለዚህ ፊደሉን ለመርፌ እንደ አዲስ ይሥለዋል። ቀጭኑን መስመር ያወፍራል፤ ከዚያ በላይ የማይወፍረውን መርፌዋ ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ እንድትመላለስበት ያደርጋል። ክር ሲጠብቅ ጨርቁን ስለሚሰበስብ እግሮቹን ከሚፈለገው ጥቂት አስፍቶ ይተልማል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከሥር የሚውለውን መሠረት ይሰፋል፤ ያለሱ የላዩ ክር የሚቆምበት የለውም።

አሁን ወደ ኮፍያው ጀርባ እንመለስ። የኮፍያ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ገበር አለው፤ ጀርባው ግን ልል ነው፣ ስለዚህ ከውስጥ በኋላ የሚቀደድ ወረቀት መሰል መደገፊያ ይደረግለታል። ባለስድስት ቁራጭ ኮፍያ ከሆነ መሐል ለመሐል ስፌት ይወርዳል፤ ከውስጥም ጥብጣብ ተደርቦበታል። መርፌዋ እዚያ ወፍራም ቦታ ስትደርስ ትታጠፋለች። ዳንግላ ዕድለኛ ናት፤ አራት ፊደል ስለሆነች ስፌቱ በን እና በግ መካከል ያልፋል። እንጅባራ አምስት ናት፤ ስፌቱ ጅ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለእንጅባራ ኮፍያ ጅ ከሌሎቹ ይልቅ ጠንከር ያለ መሠረት ያስፈልጋታል። ጥልፉም ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር ቢሄድ ይበጃል፤ ከዳር ወደ መሐል ከመጣ ልሉ ጨርቅ ተገፍቶ መሐል ላይ ይጨማደዳል።

ከሁሉ የሚረቀው ቅስቱ ነው። ጽሑፉ እንደ ቀስተ ደመና ሲታጠፍ የግራው ጫፍ ፊደል ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የግራ እግሩ ዝቅ ይላል። ዳ ያለችው እዚያ ነው። አጭር የነበረችው የግራ እግሯ በመዘንበሉ ከቀኟ ጋር ትስተካከልና ዓይን «ደ» ብሎ ያነባታል። በቀኝ ጫፍ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ያለ ለ የቀኝ እግሩ ዝቅ ስለሚል ላ ይመስላል። መፍትሔው ቅስቱን ለዘብ ማድረግና የራብዕን ረጅም እግር ወረቀት ላይ ከለመድነው በላይ ማስረዘም ነው። ኮፍያ የምታሠሩ ሰዎች ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ አትመልከቱ፤ አንድ ሰው ያጥልቀውና ከኋላው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላችሁ አንብቡት።

አንድ ፊደል ደግሞ አለ፤ በአማርኛ የለንም። በአማርኛ አዊኛ የምንለው ቋንቋ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለው፤ ተናጋሪዎቹ የቋንቋቸውን ስም ሲጠሩም ይሰማል። በአገው ቋንቋዎች ለዚህ ድምፅ ጘ ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ጘ አብሮ ገብቷል፤ ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል። ለጥልፍ ተብሎ የተሣለ ጘ ከሌለ ግን ባለሙያው ወይ በተራ ገ ይተካዋል ወይ ገን ወስዶ ቅጥያውን በእጁ ይጨምርበታል። የመጀመሪያውን እባካችሁ አትቀበሉ። የሰው ቋንቋ ሊከበርበት የተሠራ ኮፍያ ላይ የቋንቋው የራሱ ፊደል መቅረት የለበትም፤ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተተለመ ፋይሉ ለሚመጣው ኮፍያ ሁሉ ያገለግላል።

ጥልፉ ሲያልቅ ኮፍያው ከክቡ ይወልቃል። ከፊደል ወደ ፊደል የተዘለለባቸው ክሮች በትንሽ መቀስ ይቆረጣሉ፤ መደገፊያው ፊደሎቹን በአውራ ጣት ተጭኖ ቀስ ተብሎ ይቀደዳል። ከዚያ ኮፍያውን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ስሙ እዚያም አለ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ። በእያንዳንዱ እግር መሐል ነጩ የቦቢን ክር የወርዱን ሢሶ ያህል ከታየ፣ የላዩም ቀለም ከግራና ከቀኝ እኩል ከያዘው፣ የሁለቱ ክር ውጥረት ተመጣጥኗል። ነጩ ከናካቴው ከጠፋ የላዩ ክር ላልቷል፤ ነጩ እስከ ዳር ከሞላው የላዩ ክር ከርሮ ነጩ ወደ ፊት ሊወጣ ነው።