አያዝም፣ አይነካም፤ ያያል፣ ይጽፋል

የምርጫ ጣቢያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ድምፅ መስጠት አይደለም፤ ባዶ ሳጥን ማሳየት ነው። የጣቢያው ኃላፊ ሳጥኑን ከፍቶ ውስጡ ምንም እንደሌለ ያሳያል፣ ክዳኑን ይገጥማል፣ ያሽገዋል፣ የሆነውንም በቃለ ጉባዔ ያሰፍራል። ይህን ሁሉ ቆመው የሚያዩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሥልጣን የላቸውም፤ ሳጥኑን መንካት እንኳ አይፈቀድላቸውም። አንገታቸው ላይ ባጅ፣ እጃቸው ላይ ቅጽና እስክሪብቶ አለ። ታዛቢዎች ይባላሉ።

የአርሲ ዞን የሽርካ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ጎበሳ፣ በዙሪያዋ ባሉት የገብስና የስንዴ ቀበሌዎችም፣ ይህ ሥራ ከትልቅ ከተማ ይልቅ ይከብዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ታዛቢውና አስፈፃሚው ከዚያ ቀን በፊት ተያይተው ላያውቁ ይችላሉ። በትንሽ ከተማ ግን የጣቢያው ኃላፊ የታዛቢው ልጅ አስተማሪ ይሆናል፣ የፓርቲው ተወካይ የዕድሩ ዳኛ፣ ሰልፉን የሚያስተናብረው ደግሞ የአክስቱ ልጅ። እንዲህ ባለ ቦታ “ይህ አሠራር ልክ አይደለም” ብሎ ስምን ጽፎ መፈረም ቀላል አይደለም፤ በማግስቱም አብሮ መኖር አለና። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በተካሄደበት በሰኔ ወር የአርሲ ደጋ ገበሬ በእርሻና በዘር ላይ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ዝናብ ያዘለ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጥቶ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቅ የሚችል ውሎ መዋል ራሱን የቻለ ውሳኔ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የፓርቲ ወኪልንና ታዛቢን አንድ አድርጎ ያያል። ወኪሉን የሚልከው ተወዳዳሪው ነው፤ ሥራውም የላከውን ወገን ጥቅም መጠበቅ ነው። የአገር ውስጥ ታዛቢ ግን ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በኩል የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ነው። የፓርቲ አባል መሆን አይችልም፤ ማን ቢያሸንፍ ደስ እንደሚለውም በዚያን ቀን ለማንም አይናገርም። ሦስተኞቹ የውጭ ታዛቢዎች ናቸው፤ ዜና ላይ ጎልተው የሚታዩት እነሱ ቢሆኑም ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ አብዛኛውን የገጠር ጣቢያ አይደርሱበትም። ሽርካን በመሰለ ወረዳ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ጣቢያ ሳይነቃነቅ ሊውል የሚችለው የአገሬው ሰው ነው።

ምን ያያል? መራጩ ካርዱን ሲያሳይ ስሙ በመዝገቡ ላይ መኖሩን፣ መፈረሙን፣ ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም መቀባቱን፣ አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ብቻ መቀበሉን ያያል። ከሚስጥራዊው የድምፅ መስጫ ቦታ አጠገብ የቆመ ሰው መኖር አለመኖሩን ያያል። ዓይነ ስውር ወይም አቅመ ደካማ መራጭ ሲመጣ የሚረዳው ሰው ራሱ መርጦ ያመጣው ነው ወይስ ሌላ ሰው የመደበለት? አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሁሉ ካርድ ይዞ መጥቷል? የታጠቀ ሰው ግቢ ውስጥ አለ? ስህተት ካየ ለጣቢያው ኃላፊ ያሳውቃል፣ ሰዓቱንና የሆነውን ቅጹ ላይ ይጽፋል። መጮህ፣ መራጭን መምከር፣ ወረቀት መንጠቅ ክልክል ነው። የወኪሉ ፋንታ ደግሞ አቤቱታ ማቅረብ ነው፤ ሕጉ በየምርጫ ጣቢያው የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ያዛል።

ከቀኑ ውሎ ውስጥ ዋናው ሰዓት ሰልፉ ሲያልቅ ይጀምራል። ብዙ ሰው ደክሞት ወደ ቤቱ መሄድ የሚፈልገው፣ መብራት የሚጠፋው፣ ዝናብ የሚያካፋውም ያኔ ነው። “ኮሮጆ ተገለበጠ” የሚለው የምርጫ ሰሞን አባባል የሚያስታውሰው ይህንኑ ሰዓት ነው። ልምድ ያለው ታዛቢ የሚመካው በሒሳብ ላይ ነው። ለምሳሌ ጣቢያው ጠዋት 1,000 የድምፅ መስጫ ወረቀት ተረክቦ፣ መዝገቡ ላይ 640 ሰው ፈርሞ ከሆነ፣ አንድም ወረቀት በመራጭ እጅ ተበላሽቶ ካልተተካ 360 ያልተሠራበት ወረቀት መኖር አለበት፤ ከሳጥኑም የሚወጣው ከ640 ሊበልጥ አይችልም። 655 ከወጣ አሥራ አምስቱ ከየት መጡ? ጥያቄው ሊነሳ የሚችለው ጠዋት የተረከቡትን፣ ማታ የፈረሙትን ቁጥር የጻፈ ሰው እዚያው ካለ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ አንድ የምርጫ ጣቢያ የሚያስተናግደው ከ1,500 የማይበልጥ መራጭ ስለሆነ ሒሳቡ ከአንድ ትጉህ ሰው አቅም በላይ አይደለም።

ቆጠራው ራሱ ዕቁብ በአባላቱ ፊት እንደሚወጣው ሁሉ በግልጽ መካሄድ አለበት። አስፈፃሚው እያንዳንዱን ወረቀት ዘርግቶ ምልክቱን ያሳያል፣ የተመረጠውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ዋጋ የሌለውን ለብቻው ይለያል። ውጤቱ ቅጽ ላይ ይሞላል፣ አስፈፃሚዎቹና ወኪሎቹ ይፈርሙበታል፣ በጣቢያው በር ላይም ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወደ ምርጫ ክልሉ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ቁጥር ቢለወጥ ከተለጠፈው ጋር አይገጥምም።

ይህ ተራ የሚመስል ወረቀት መንግሥት እስከ መቀየር ደርሷል። ማላዊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ የውጤት ቅጾች በማረሚያ ቀለም ተሰርዘውና ተደልዘው ተገኙ። ፍርድ ቤት በየካቲት 2020 ምርጫውን ሰረዘው፤ በድጋሚው ምርጫም ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ አሸነፉ። ኬንያ ውስጥም እ.ኤ.አ. የ2017ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው የውጤት ቅጾቹ አሞላልና አላላክ ጥያቄ ስላስነሳ ነበር። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ናምፍሬል የተባለው የዜጎች ንቅናቄ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞችን አሰማርቶ ከየጣቢያው የሰበሰበው ቆጠራ ከመንግሥት ኮሚሽን ቆጠራ ጋር አልገጥም አለ። ፕሬዚዳንቱ ፈርዲናንድ ማርቆስ ምርጫው በተካሄደበት ወር አገር ጥለው ወጡ።

በኢትዮጵያ ማን ይታዘብ የሚለው ጥያቄ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግብ ኖሯል። በ1997 ምርጫ ቦርድ ምርጫ መታዘብን በመመሥረቻ ዓላማቸው ላይ ያላሰፈሩ ድርጅቶች እንዳይታዘቡ ከለከለ። የሕግ ባለሙያው ነፃነት ደምሴ የሚመሩትን ድርጅት ጨምሮ በርካታ ማኅበራት ፍርድ ቤት ሄደው አሸነፉ፤ ነገር ግን ፍርዱ የተሰጠው ለግንቦት 7 ምርጫ ቀናት ብቻ ሲቀሩ ስለነበር በስፋት መሰማራት አልቻሉም። ከምርጫው በኋላ በ299 የምርጫ ክልሎች ላይ አቤቱታ ቀረበ፤ በተከተለው ግጭት ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ነፃነት ደምሴና ሌላው የሲቪል ማኅበረሰብ መሪ ዳንኤል በቀለም ታስረው የተፈቱት በ2000 ነበር። ዳንኤል በቀለ በ2011 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 532/1999፣ በየጣቢያው አምስት የሕዝብ ታዛቢዎች በነዋሪው እንዲመረጡ ደነገገ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ተቃዋሚዎች ግን የተመረጡት የገዥው ፓርቲ ሰዎች ናቸው ሲሉ ወቀሱ። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠሩ አገደ። በ2002 ምርጫ የብዙኃን ማኅበራት ጥምረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ታዛቢዎች አሰማራ፤ ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም። የታዛቢ ብዛት ብቻውን የምርጫን ጤንነት እንደማያረጋግጥ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ታዛቢው ከማን ጋር እንደቆመ፣ ያየውን ሲጽፍ ምን እንደሚደርስበትም መጠየቅ አለበት።

በ2011 ሁለቱም ሕጎች ተተኩ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰቡን እጅ ፈታ፤ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ የታዛቢዎችንና የወኪሎችን መብትና ግዴታ እንደገና ወሰነ። ከ170 በላይ ድርጅቶችን ያሰባሰበው የኢትዮጵያ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኅብረት ለምርጫ የተቋቋመው በዚህ ጊዜ ነው።

ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደበት ሰኔ 14 ቀን 2013 የዚህ ሁሉ ፈተና ቀን ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የታዛቢ ቡድኑን አልልክም ብሎ ስለነበር፣ የአፍሪካ ኅብረት ቡድንም በኦሉሴጉን ኦባሳንጆ መሪነት ቢመጣም፣ ሸክሙ ይበልጥ በአገር ውስጥ ታዛቢዎች ላይ ወደቀ። ሰልፉ ስለረዘመ ድምፅ መስጫው ከምሽቱ 12 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ተራዘመ። በሲዳማ የድምፅ መስጫ ወረቀት ስላለቀ በማግስቱ ቀጠለ። የያኔዋ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ብርቱካን ሚደቅሳ በዚያው ዕለት በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ወኪሎች ከጣቢያ እየተባረሩ መሆኑን ገልጸው፣ ይህ የውጤቱን ተቀባይነት አደጋ ላይ እንደሚጥል አስጠነቀቁ። ወኪል የተባረረበት ጣቢያ የሚያወጣው ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትክክል ነው ብሎ የሚመሰክርለት ግን የለም።

ታዛቢ የማይችለውም ነገር አለ። በዚያው ምርጫ በኦሮሚያ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) እና የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) ከውድድሩ ውጭ በመሆናቸው በብዙ የምርጫ ክልሎች የገዥው ፓርቲ ዕጩ ያለ ብርቱ ተፎካካሪ ቀርቧል። ታዛቢ ሳጥኑ በትክክል መታሸጉን ሊመሰክር ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ አማራጭ ሊያመጣ ግን አይችልም። ከምርጫው ቀን በፊት የሆነው ሁሉ፣ የታሰረ ዕጩ፣ የተዘጋ ጽሕፈት ቤት፣ የተከለከለ ስብሰባ፣ በእሱ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ይህን እያወቀ በበጎ ፈቃድ ለመታዘብ የሚሻ ዜጋ በቦርዱ ፈቃድ ከተሰጣቸው ድርጅቶች በአንዱ በኩል ተመዝግቦ፣ ሥልጠና ወስዶ፣ የሥነ ምግባር ደንቡን ፈርሞ ባጁን መቀበል ይኖርበታል። ለመታዘብ ጊዜ የሌለው መራጭም ቢሆን የሚያደርገው አለ። በማግስቱ ወደ መረጠበት ጣቢያ ተመልሶ በሩ ላይ የተለጠፈውን ውጤት ያንብብ፣ ቁጥሩን ይመዝግብ፣ በኋላ በይፋ ከሚገለጸው ጋር ያመሳክር። ለዚህ ባጅ አያስፈልግም።