ከጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምን የሚያስታግሰው መርፌ

ጉልበት በአማርኛ የአካል ክፍልም የብርታትም ስም ነው። ጉልበቱን የታመመ ሰው ከእርሻው፣ ከገበያውና ከማኅበራዊ ሕይወቱ መራቁ አይቀርም። የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ተበልቶ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና መፍትሔ ካልሆኑ ሐኪሞች የተጎዳውን የአጥንት ገጽ አንሥተው ከብረትና ከፕላስቲክ በተሠራ መገጣጠሚያ ይተኩታል።

ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የሚሰማው ሕመም ከባድ ነው። ታካሚው ሕመሙን ፈርቶ ጉልበቱን ሳያጥፍና ሳይዘረጋ ከቆየ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ለረጅም ጊዜ መተኛትም በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ሕመሙን ቢቀንሱም ማቅለሽለሽን፣ የሆድ ድርቀትንና ድብታን ያስከትላሉ፤ መጠናቸው ሲበዛ አተነፋፈስን ያዳክማሉ።

በአውስትራሊያ ሲድኒ ይሠሩ የነበሩት ዴኒስ ኬር እና ሎረንስ ኮሃን እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረጉት ዘዴ ይህን ችግር ለማቃለል ያለመ ነው። በዘዴው መሠረት ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉን ሰፍቶ ከመዝጋቱ በፊት በመገጣጠሚያው ዙሪያ መድኃኒት ይወጋል። ሮፒቫካይን የተባለው ማደንዘዣ ነርቮች የሕመም መልእክት ወደ አንጎል እንዳያደርሱ ያግዳል። ኬቶሮላክ ብግነትን ይቀንሳል። አድሬናሊን ደግሞ ደም ሥሮችን በማጥበብ ማደንዘዣው በቦታው እንዲቆይ ያግዛል።

በጭን ላይ ያለውን ትልቅ ነርቭ ማደንዘዝም ሕመምን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የጭንን ጡንቻ ስለሚያዝል ታካሚው ሲነሣ ሊወድቅ ይችላል። በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሚሰጠው መርፌ ግን ጡንቻውን እምብዛም ስለማያዝል ታካሚው በባለሙያ ድጋፍ ቶሎ ቆሞ እንዲራመድ ዕድል ይሰጠዋል።

የመርፌው ኃይል ግን ጊዜያዊ ነው። ከሰዓታት በኋላ ሲያልቅ ሕመሙ በድንገት ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ የታዘዙ እንክብሎችን ሕመሙ እስኪጠና ሳይጠብቁ በሰዓታቸው መውሰድ ይገባል።

የኩላሊት ሕመም፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የመድኃኒት አለርጂ ያለበት፣ እንዲሁም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ከመርፌው በኋላ የከንፈር መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸት ወይም በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ከተሰማ ማደንዘዣው በደም ውስጥ መብዛቱን ሊያመለክት ስለሚችል ወዲያውኑ ለነርስ መናገር ያስፈልጋል። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ የባት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ይገባል።

መርፌው ጉልበትን አያድንም፤ ለማገገም የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ ለመጀመር ፋታ ይሰጣል። በዚያ ፋታ ባለሙያው ያዘዘውን የማጠፍና የመዘርጋት ልምምድ በትዕግሥት መሥራት የታካሚውና የአስታማሚው ድርሻ ነው።