መመረቂያው ቀን ሲርቅ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድባቴ በተነሳ ቁጥር፣ በእኛ በምሥራቁ በኩል መጀመሪያ የሚከሰሰው ጫት ነው። ቀጥሎ ስልክ ይመጣል፤ ከዚያ «የዘንድሮ ልጆች ችግር አይችሉም» የሚል ፍርድ ይከተላል። ጫት መቃምና ድባቴ አብረው እንደሚታዩ ጥናቶች አሳይተዋል። ግን አብዛኞቹ ጥናቶች ተማሪውን አንዴ ጠይቀው የሚያበቁ ናቸው። ጫቱ ጭንቀቱን አመጣው ወይስ ጭንቀቱ ወደ ጫት ገፋው? ከእነሱ መለየት አይቻልም።

በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 28.2 በመቶ በሚሆኑት ተማሪዎች ላይ የድባቴ ምልክት አግኝቷል። ሁሉም ሐኪም ያረጋገጠላቸው ሕሙማን ናቸው ማለት አይደለም። እንዲህ ያሉ መጠይቆች ስላለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ተስፋ መቁረጥ ጠይቀው ነጥብ ይደምራሉ። እኔን የሚከነክነኝ ግን በሁለት ሳምንት የማይለካ ነገር ነው፦ ተማሪው መቼ እንደሚመረቅ አለማወቁ።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ሆነው የገቡትን እንውሰድ። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች የተመለሱት በዚያ ዓመት ነው፤ በሦስት ዓመት ያልቁ የነበሩ ዲግሪዎች አራት ዓመት ሆኑ። ወዲያው በብዙ ግቢዎች ግጭት ተነስቶ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ዶርሞች ባዶ ሆኑ። ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ካሌንደሩ አንዴ ከተዛባ በኋላ ሴሚስተር ይጠባል፣ ክረምቱ ትምህርት ይሆናል፣ የሚጠበቀው ቀን ደግሞ ይገፋል። ጂሲ (ተመራቂ) ሲሆኑ፣ ሲገቡ ያልነበረ የመውጫ ፈተና ጠበቃቸው። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው «ኤግዚት» ሲሰጥ በአገር ደረጃ ያለፈው ከተፈታኙ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ያላለፈ ዲግሪውን አይዝም፤ ደግሞ እስኪፈተን ይጠብቃል።

ለፈተናው ምክንያት አላጣም፤ የምሩቃን ጥራት መውረዱ እውነት ነው። ግን የመዘግየቱን ዋጋ ማን እየከፈለ እንደሆነ ብዙም ሲነገር አልሰማም።

ዋሂል ሂዱና አስቡት። ከድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች ወገን ነው፤ ኑሮው ማሽላና ከብት፣ ዝናብ ሲቀር ደግሞ ሴፍቲኔት። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዓመቱ በጣት ይቆጠራል። ታናሹ ትምህርት የሚቀጥልበት፣ ዕዳው የሚከፈልበት ጊዜ ሁሉ በእሱ መመረቅ ላይ ተንጠልጥሏል። አራተኛው ዓመት አምስተኛ፣ አምስተኛው ስድስተኛ ሲሆን አባት በስልክ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ይላሉ። ልጁ መልስ የለውም። ጥቂት ቆይቶ ስልክ ማንሳት ይተዋል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጥናቶቹ የሚቆጥሩት ግቢ ውስጥ ያለውን ተማሪ ነው። ዊዝድሮው (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ የሄደው፣ ኤግዚት ወድቆ ቤት የተቀመጠው ከቁጥሩ የለም። የግቢ ክሊኒክና አማካሪ አያገኘውም። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ድረስ ብትመጣም በአብዛኛው የምትጠይቀው ስለ ክትባትና ስለ እርግዝና ነው፤ ጓዳ የተኛውን ልጅ የሚጠይቅ የለም። ሰፈሩም «ዝምተኛ ሆኗል» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ 28 በመቶ የሚለው ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ይመስለኛል።

ዩኒቨርሲቲዎች የማያጥፉት ካሌንደር ማውጣት፣ የወደቀውንም ደውለው መከታተል ይችላሉ፤ ሁለቱም ሐኪም አይጠይቁም። እናንተም ቤታችሁ ኤግዚት የሚጠብቅ ልጅ ካለ፣ መቼ እንደሚጨርስ መጠየቁን ለጊዜው ተዉትና ይተኛ፣ ይበላ እንደሆነ ጠይቁት። መኖር እንደሰለቸው ከነገራችሁ ደግሞ ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት።