ዲግሪው ሁሉም ጋር አለ፤ የእርስዎ ልጅ ምን ጨመረ?

ምረቃው አልፏል። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ጎረቤቱም እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ግን ለብዙ ቤተሰብ ከፈተና ሰሞን ይከብዳሉ።

ቢቸና ወይም ሞጣ ላደገ ወጣት ደግሞ ጭንቀቱ ድርብ ነው። ብዙው ማስታወቂያ የሚወጣው አዲስ አበባ ነው፤ ለአንድ ቃለ መጠይቅ በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ ደርሶ መመለስ ራሱን የቻለ ወጪ አለው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በቴሌግራም የሚለቀቀውን ማስታወቂያ ማየትም ከባድ ነበር። ስለዚህ የተገኘችው ዕድል እንዳታልፍ በደንብ መዘጋጀት ያስፈልጋል።

ቀጣሪው ምን ያያል?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። እንግዲህ ቀጣሪው ፊት የተከመሩት ማመልከቻዎች ባለቤቶች ሁሉ ፈተናውን አልፈዋል ማለት ነው። አብዛኞቹም «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ» ብለው ጽፈዋል። ከዚህ ሁሉ መሃል ዓይን የሚይዘው ሰውየው ሠርቶ ያሳየው ነገር ነው።

ሥራው ሰፈር ውስጥ አለ

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አካባቢውም የጤፍ አገር ነው። እንበል፣ አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ የዘመድ እህል መደብር ውስጥ ለሦስት ወር መዝገብ ያዘች። የተገዛውን ኩንታል፣ የጆንያውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የመኪናውን ወጪ በየቀኑ ጻፈች። መጨረሻ ላይ ነጋዴው የትኛው ወጪ ትርፉን እንደሚበላበት በአንድ ገጽ አሳየችው።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ስትባል መልስ አላት። ማስታወቂያው «ዜሮ ዓመት ልምድ» ቢልም እንኳ ከሌሎቹ ትለያለች። የኮምፒውተር ተመራቂም ሞጣ ላለ አንድ መድኃኒት ቤት ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡትን መድኃኒቶች የሚያስታውስ ቀላል መመዝገቢያ ቢሠራ እንዲሁ ነው።

ሲቪው ላይ

የተሠራው ሥራ ከላይ ይቅደም፤ በቁጥርም ይገለጽ። አንዱን ሲቪ ለሁሉም ከመላክ ማስታወቂያው የጠየቀውን እያዩ ማስተካከል ይሻላል። ኢንተርንሺፕ ላይ ያሠራውን ኃላፊ ስም ምስክር አድርጎ ከመጻፍ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ጊዜ ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና በነፃ የምስክር ወረቀት ያስገኛል። ወረቀቱ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በተማሩት አንድ ነገር ሠርቶ ማሳየት ያስፈልጋል።

«ዘመድ የለንም» ለሚሉ

ዘመድ ማለት የግድ የሚያስቀጥር ሰው አይደለም። መሥሪያ ቤት ያለን ዘመድ «ልጄን አስገባልኝ» ማለት ያሳቅቀዋል። «እናንተ ጋ ምን ዓይነት ሰው ይፈለጋል? ፈተናው ምን ይመስላል?» ቢሉት ግን በደስታ ይነግርዎታል። ሥራ አስገባለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ ግን አንድ ብር አይስጡ።

ደብዳቤው እጅ ሲገባም ፈተናው አያልቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በሰዓቱ መገኘት፣ ያልገባን ነገር መጠየቅና የተሰጠን ሥራ መጨረስ የሚታዩት በእነዚያ ቀናት ነው።

እስከዚያው ከወላጅ የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ። ማታ ማዕድ ላይ «ሥራ አገኘህ?» የሚለው ጥያቄ ልጁን አንገት ያስደፋዋል፤ መልሱ በእጁ አይደለምና። «ዛሬ ምን ሠራህ?» ቢሉት ግን የሚመልሰው ይኖረዋል። ቀጣሪውም አንድ ቀን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።