የብሩ ዓመትና የብሩ ዕድሜ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። በጊዳን ደጋ፥ በሙጃና ባካባቢዋ፥ ከሣጥን ሥር የኖረ ጠገራ ብር፥ ካንገት የማይወልቅ የብር መስቀል ወይም ካያት የተወረሰ የብራና ዳዊት ያለው ቤት ብርቅ አይደለም። ዱሮ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመሸጥ የፈለገ ሰው ገበያ ወጥቶ ነጋዴ መፈለግ ነበረበት። ዛሬ ግን ተማሪው ልጅ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ላይ ያወጣው እንደ ሆነ፥ ካዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ጠያቂ ይመጣለታል። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገውም ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ነው።

እንግዲህ ጥንታዊነቱ በምን ታወቀ? ይህን መጠየቅ የሚገባው ገዢው ብቻ ሳይሆን ሻጩም ጭምር ነው።

ለምሳሌ ያህል፥ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስኪወጣ ድረስ አባቶቻችን ይገበያዩበት የነበረውን ጠገራ ወይም ማርትሬዛ እንውሰድ። በላዩ ላይ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት አለበት። ይህን ያነበበ ሻጭ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ነው» ብሎ ይምላል። ዳሩ ግን 1780 የኦስትሪያ ገዥ የነበሩት ማሪያ ትሬዛ የሞቱበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ ለንግድ እጅግ ስለ ተፈለገ፥ መልኩና ዓመቱ ሳይለወጥ ሲቀረጽ ኖረ። በኻያኛው መቶ ዓመት ከቪየና ሌላ ሮማ፥ ፓሪስ፥ ለንደን፥ ብራስልስና ቦምቤይ ቀርጸውታል፤ ቪየናም ዛሬ ድረስ ትቀርጸዋለች። ስለዚህ ባንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጠገራዎች አንዱ የቅድመ አያት፥ ሌላው የልጅ ልጅ እኩያ ሊሆኑ ይችላሉ። ዐዋቂዎች የሚለዩዋቸው በጥቃቅን ምልክት ነው፤ በትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎችና የንስሩን የጅራት ላባ እየቈጠሩ ያመሳክራሉ። ሚዛንም ይረዳል። የደንቡ ክብደት 28 ግራም ያህል ነውና፥ ከዚህ እጅግ የጎደለው ያጠራጥራል።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ደግሞ ሌላ ስሕተት ያመጣል። ፲፰፻፹፯ ተብሎ በግእዝ ቁጥር የተጻፈበት አለ። ይህ በኛ አቆጣጠር 1887 ሲሆን፥ በአውሮፓ 1894 ወይም 1895 ይሆናል። ያገሬ ልጅ ያያቱን ገንዘብ ዓመት ከባሕር ማዶ ገዢ ጠይቆ መረዳቱ ግን የሚያሳፍር ነው።

በብራና መጽሐፍም ላይ ዓመቱ ባንድ ዓይነት አቆጣጠር አይጻፍም። 7000 ዓመተ ዓለም የሚል ቢገኝ፥ 5500 ሲቀነስለት 1500 ዓ.ም. ይሆናል። በዓመተ ሰማዕታት የተቈጠረ እንደ ሆነ ግን 276 ይደመርበታል። ዓመት ያልተጻፈበት እንደ ሆነስ? ዐይን ብቻውን አይበቃም። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ብዙ ሊቃውንት የ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሥራ አድርገው ሲገምቱ ኖረዋል። በኋላ ብራናው በካርቦን ሲመረመር፥ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የሚውል ሆኖ ተገኘ። ሊቃውንት ይህን ያህል ዘመን ከሳቱ፥ ፎቶግራፍ አይቶ ዓመት የሚቈርጥ ሰው ምን ያህል ይስት ይሆን?

ዕድሜን የሚመረምር ሰው ሳያስበው ወደ ሌላ ጥያቄ ይደርሳል፤ ዕቃው የማን ነበር? በብራናው ዳር ያስጻፈው ሰው ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ስም፥ በሚሰርቀውና በሚፍቀው ላይም የተጻፈ ግዝት ይገኛል። ስሙ ተፍቆ ሌላ የተተካበት እንደ ሆነ፥ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት መቆም ነው።

ይህ ነገር ለላስታ ሰው ተረት አይደለም። «አፍሮ አይገባ» የተባለው የላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ፥ ቤልጅግ አገር ባንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ወዳገሩ የተመለሰውም ከአራት ዓመት ያህል በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ አገር በዶርሴት፥ ከመቅደላ የተዘረፈ ዕቃ በሐራጅ ሊሸጥ ከቀረበ በኋላ፥ ኤምባሲያችን ባቀረበው ጥያቄ ከሽያጩ ወጥቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስን ያለ ፈቃድ ካገር ማስወጣትን ይከለክላል። «ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለው ተረት ይህን ለመሰለ ጊዜ የተነገረ ክፉ ምክር ነው።

ይህን ስል የቸገረው አባት ልጁን ለማስተማር የገዛ ጠገራውን ቢሸጥ እፈርድበታለሁ ማለቴ አይደለም። ሲሸጥ ግን ዐውቆ ይሽጥ። ብሩን በሎሚና ባመድ አይጠበው፤ ምልክቱም ዋጋውም አብረው ይጠፋሉና። በሁለት ወገን ፎቶግራፍ ያንሣው፤ ይመዝነው። ሻጮች የሚጠሩትን ዋጋ ትቶ፥ በርግጥ የተሸጠበትን ይጠይቅ። ብራና ወይም የቤተ ክርስቲያን መስቀል የሆነ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያማክር። በዚያ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛም «ነገ ተመለስ» ከማለት መዝገቡን ቢከፍት፥ ላገሩ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት ግን ተማሪው በዕረፍት ጊዜ ወደ ሙጃ ሲመለስ አያቱን ይጠይቅ። ጠገራው ከማን መጣ? በማን ዘመን? የጥሎሽ ነበር ወይስ የበሬ ዋጋ? የሚነግሩትን ከነቀኑ ይጻፍ። ብሩ ሌላ መቶ ዓመት በሣጥን ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ታሪኩን የሚያውቁት እማማ ግን ያን ያህል አይቆዩለትም።