የገንዲ ዝንብ ኮሎራዶ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?

ዴንቨር/ኦሮራ፣ ኮሎራዶ - ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦሮራ ሃቫና ጎዳና አካባቢ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ የማያውቅ የዴንቨር ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ወሬው የታወቀ ነው፤ የአገር ቤት ዜና፣ የፓርቲዎች መከፋፈል፣ የኤርፖርት ታክሲ ሥራ መቀዝቀዝ። በአንዱ ቅዳሜ ግን ጨዋታው ሳይታሰብ ወደ ዝንብ ዞረ። ውድ አንባቢያን፣ አትሳቁብን። ከመካከላችን አንዱ «ይህ የምንኖርበት ኮሎራዶ ድሮ የገንዲ ዝንብ አገር ነበር» ሲል ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

እኚህ ሰው ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን። ዛሬ ታክሲ ነጂ ናቸው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ገና ልጅ ሳሉ ከወሎ ተጭነው መተከል ውስጥ ፓዌ ከሰፈሩት አንዱ ናቸው። ደርግ በዚያን ሰሞን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በውድም በግድም ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቆላዎች ማጓጓዙ ይታወቃል። ደርግ ወድቆ፣ የጣና በለስ ፕሮጀክት ጣልያኖችም ወጥተው፣ ትራክተሩ ሲቆም የጋሼ አባት ያላቸውን አሟጠው ከደጋ ሁለት በሬ ገዝተው አወረዱ።

«አንደኛው በሦስት ወሩ ሄደ። ሁለተኛው ክረምቱን አልጨረሰም። አፉን ከሣር ሳያነሳ ነው እየከሳ፣ ጸጉሩ እየቆመ፣ ዓይኑ እያለቀሰ የወደቀው። አባቴ በሬውን ሰው ዓይን የበላው መስሏቸው ነበር» አሉን።

ጋሼ በኋላ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ሰለጠኑ። ዝንቧንም ያኔ ነው በአጉሊ መነጽር ያዩዋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሺህ ዝንብ መሃል እሷን ለይቼ አወጣለሁ ይላሉ። አወራራቸው የአባታቸውን ገዳይ የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

አሁን ወደ ኮሎራዶው ጉዳይ እንመለስ፤ ወሬው እውነት ነውና። ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ በስተምዕራብ ተራራ ላይ ፍሎሪሳንት የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በፌደራል መንግሥት የተከለለ የቅሪተ አካል ፓርክ ነው። ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚያ ሐይቅ ነበር። አጠገቡ የነበረ እሳተ ጎመራ አመድ እየተፋ በሐይቁ ላይ ያዘንብ ነበር፤ ሐይቁ ውስጥ የወደቀ ቅጠልና ነፍሳት ሁሉ በአመዱና በጭቃው መሃል ተደፍጥጦ ቀረ። ዛሬ ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ በገጾቹ መሃል የዝንብ ክንፍ ከነመስመሩ ቁጭ ብሎ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1892 ሳሙኤል ስከደር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ከዚህ ቦታ የተገኘች አንዲት ትልቅ ዝንብ ስም አወጣላት። ነገር ግን ዘሯን ተሳሳተ። ወገኗን እጯን በእንስሳት አካል ውስጥ ከምታሳድገውና ጎልማሳዋ የረባ አፍ ከሌላት የዝንብ ቤተሰብ ጋር መደባት። ደም መጣጯ ዝንብ 15 ዓመት ሙሉ አፍ እንደሌላት ተቆጥራ ኖረች ማለት ነው።

ስህተቱን ያረመው የቦልደሩ ፕሮፌሰር ቴዎዶር ኮከረል ነው። ኮከረል እንደኛው ስደተኛ ነበር። እንግሊዝ ተወልዶ፣ ወጣት ሳለ ሳንባውን ታሞ፣ ደረቅ አየር ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1887 ኮሎራዶ የመጣ ሰው ነው። (በዚያ ዘመን ኮሎራዶ የሳንባ በሽተኞች አገር ነበረች። ዛሬ ኦሮራ ውስጥ የአንሹትስ የሕክምና ግቢ የቆመበት ፊትሲሞንስ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ1918 ሲከፈት ዋና ሥራው ሳንባ የታመሙ ወታደሮችን ማከም ነበር።) ኮከረል እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ፍሎሪሳንትን ሲቆፍር ቆይቶ፣ በ1907 የስከደር ዝንብ ግሎሲና፣ ማለትም የእኛዋ የቆላ ዝንብ መሆኗን ለዓለም አስታወቀ። ያኔ ዩጋንዳ ውስጥ የእንቅልፍ በሽታ ሕዝብ እየፈጀ ስለነበር የዝንቧ ስም በየጋዜጣው ነበር።

በምን ለያት? በአካሏ ነው፤ ሌላ ማስረጃ ከድንጋይ አይገኝም። ጋሼም ፓዌ ሳሉ የተማሩት ይህንኑ ነው። የቡና ስኒያቸውን ገፋ አድርገው በናፕኪን ላይ ሳሉልን።

የቤት ዝንብ አፏ ስፖንጅ ነው፤ ይልሳል እንጂ አይወጋም። የቆላ ዝንብ ግን ከራሷ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ሥሩ ላይ እንደ ሽንኩርት ያበጠ መርፌ አላት። ስታርፍ ሁለቱን ክንፎቿን እንደ ተዘጋ መቀስ አንዱን በአንዱ ላይ ትደርባለች። ከአንቴናዋ የሚወጣው ጸጉር በራሱ ላይ ሌላ ጸጉር፣ በዚያም ላይ ሌላ ቅርንጫፍ ያበቅላል። ከሁሉ በላይ የማይሸሸገው ምልክት ክንፏ መሃል ላይ ነው። የክንፏ መስመሮች ተጋጥመው እጀታ ያለው መጥረቢያ የመሰለ ሜዳ ይከልላሉ። ሌላ ዝንብ ይህ የላትም። «ብትሞት፣ ብትደርቅ፣ ብትረገጥም ክንፏ ከተገኘ አለቀላት» አሉ ጋሼ።

ኮከረል እስከ 1917 ድረስ ከዚያው ቦታ ሌሎች ሦስት ዝርያዎች አገኘሁ ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቪድ ግሪማልዲ የተባለ የኒውዮርክ ተመራማሪ ድንጋዮቹን እንደገና መርምሮ አራቱን ስም ወደ ሁለት ዝርያ አወረደው። የመጀመሪያዋ ስም ራሱ ቀልድ አለው። ስከደር ዘመኗ ኦሊጎሲን ነው ብሎ «ኦሊጎሲና» አላት፤ በኋላ የአመዱ ዕድሜ ሲለካ ከዚያ ዘመን ትንሽ ቀድማ ተገኘች። ስሟ ግን እንደ ቀበሌ መታወቂያ ከነስህተቱ ቀረ።

ሁለተኛዋ ኦስቦርኒ ትባላለች፤ በሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን ስም ነው። ኦስቦርን የጥንት አሜሪካ እንስሳትን ካጠፉት ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያለች ዝንብ ልትሆን ትችላለች የሚል ሐሳብ ያነሳ ሰው ነው። ሐሳቡ አልተረጋገጠም። ፍሎሪሳንት ላይ ግን ውሻ የምታህል የጥንት ፈረስ አጥንት መገኘቱ እርግጥ ነው። ለዝንቧ የሚሆን ደም አልታጣም ነበር።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ይኖራል። ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ዓይነት የቆላ ዝንብ አለ፤ የትኛዋ የት እንዳለች አለማወቅ በሬ ያስበላል። የኋላ እግሯ ጫፍ አምስት አንጓ አለው። ከላይ ሲታይ አምስቱም ከጠቆሩ የወንዝ ዳር ወገን ናት፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ከጠቆሩ የቁጥቋጦና የሜዳ ወገን ናት። ከዚያ ያለፈውን ለመለየት የወንዱን የመራቢያ አካል በአጉሊ መነጽር ማየት የግድ ነው። የመጀመሪያዋን ለመያዝ ሰማያዊና ጥቁሩ የጨርቅ ወጥመድ ወንዙን ተከትሎ ይተከላል። ሁለተኛዋ ሜዳ ለሜዳ ስለምትዞር ወንዝ ዳር ብቻ የተተከለ ወጥመድ አይበቃትም። መተከል ውስጥ ሁለቱም ወገኖች አሉ።

የማምከኑ ዘዴ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት በጨረር የመከኑ ወንዶች ተለቀውባት ከዝንቧ ነጻ ወጣች፤ እዚያ የነበረችው አንድ ዝርያ ብቻ ናት። የኢትዮጵያ መንግሥትም በዚያው ዓመት በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እርዳታ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ጀምሮ፣ በ2007 ቃሊቲ ላይ የዝንብ ማራቢያ አስመረቀ። የአንዷ ዝርያ መካን ወንድ የሌላዋን ዝርያ ቁጥር አይቀንስም። ስለዚህ ቃሊቲ የምትራባው ዝንብና ሸለቆው ውስጥ ያለችው አንድ ዓይነት መሆናቸው በቅድሚያ መረጋገጥ አለበት። ጉዳዩ የከብት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ30 ዓመት በኋላ የእንቅልፍ በሽታ የያዛቸው ሰዎች ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደገና ተገኝተዋል።

አንድ ነገር ብቻ ጣል አድርገን እንለፍ። አገር ቤት የዝንቧ ድንበር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ነው ሲባል ኖሮ፣ በኋላ ከዚያ በላይም ተገኝታለች። የዴንቨር ከፍታ 1,609 ሜትር ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቡናቸው ትን አላቸው።

በሳምንቱ በጋሼ ታክሲ ፍሎሪሳንት ወጣን። በ25 አውራ ጎዳና ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ ከዚያ በ24 ወደ ምዕራብ ውድላንድ ፓርክን አልፎ ነው። የዝንቧን ፎቶግራፍ አትመን ይዘን ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። ብዙ ቆዩ። «መርፌዋ ይኸውላችሁ። እሷው ናት» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ፓርኩ ውስጥ ድንጋይ መንካት ክልክል ነው። አጠገቡ ግን ከፍሎ ድንጋይ መሰንጠቅ የሚቻልበት የግል ቦታ አለ። ጋሼ ከፍለው፣ ቢላዋ ቢጤ ተሰጥቷቸው፣ እንደ ልጅ መሬት ላይ ተቀመጡ። ቅጠል ወጣ። ሌላ ቅጠል ወጣ። ከሰዓት በላይ ቆይተው ጥቁር ነጥብ የመሰለች፣ ክንፏ የታጠፈ አንዲት ነፍሳት ወጣች። ሁላችንም ከበብናቸው። በእጅ መነጽር ጭንቅላቷን አዩ፤ ቀጥሎ ክንፏን አዩ።

«አይደለችም» አሉና ሌላ ድንጋይ አነሱ።