አንድ ስም ለማግኘት መዝገቡ ስንት ጊዜ ይገለበጣል?

አምና እዚህ አሽቀሎን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሆነን፣ በሱዳን መንገድ የቀሩ ዘመዶችን ስም ከሽማግሌዎቻችን እየጠየቅን መዝግበን ነበር። ቤተሰቦች በተሰበሰቡበት ምሽት አንዲት እናት የወንድማቸውን ስም እንድናሳያቸው ጠየቁን። ገጹ አልከፈት አለ። ጠበቅን። «የለም ማለት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ስሙ ግን ነበረ፤ የዘገየው ኮምፒውተሩ ነው። እኔ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ነኝ፣ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ምክንያቱን ሳላውቅ መተው አልቻልኩም።

መዝገባችን የተጻፈው በኤክስኤምኤል ነው። ይህ «ይህ ስም ነው»፣ «ይህ ቦታ ነው» እያለ ለእያንዳንዱ ነገር ምልክት የሚያደርግ አጻጻፍ ነው። (የዎርድ ፋይሎቻችሁም ውስጣቸው ሲታይ ኤክስኤምኤል ናቸው።) ለዓይን ስለማይመች፣ በ1999 ደረጃ የወጣለት ኤክስኤስኤልቲ የሚባል ቋንቋ ወደሚነበብ ገጽ ይለውጠዋል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክትም የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት የሚመዘግበው በኤክስኤምኤል ነው። እዚያ መጽሐፉ፣ ሰውየውና ቦታው ለየራሳቸው ፋይል አላቸው፤ አንዱ ሌላውን የሚጠራው በመለያ ነው። እኛም ሰውንና ቦታን ለያይተን መለያ ሰጥተን ነበር።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መለያውን ወደ ስም ለመመለስ ፕሮግራሙ መፈለግ አለበት። እኛ የጻፍነው ትእዛዝ ሁለት ዝባዝ መስመር (//) ነበረበት፤ ትርጉሙ «በመዝገቡ ውስጥ የትም ይሁን ፈልገው» ነው። ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ከመጀመሪያው መሳቢያ ጀምሮ ማህደሩን ሁሉ የሚያገላብጥ ጸሐፊ አስቡ። 1,000 ሰዎች ተመዝግበው 1,000 ጊዜ ቢጠሩ፣ ፍለጋው እስከ 1,000,000 ንጽጽር ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ በኤክስኤስኤልቲ «ቁልፍ» ይባላል፦ ፕሮግራሙ መዝገቡን አንድ ጊዜ ያነብና ማን የት እንዳለ ማውጫ ያዘጋጃል፤ ከዚያ በኋላ በቀጥታ ይሄዳል። እኛ የቀየርነው ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

ፋይሉ በጣም ትልቅ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። ፕሮግራሙ ሰነዱን በሙሉ በማስታወሻው ውስጥ እንደ ዛፍ ይዘረጋዋል፤ ዛፉ ከፋይሉ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። በ2017 የወጣው ኤክስኤስኤልቲ 3.0 ሰነዱን እያነበቡ እያሳለፉ መሥራትን ፈቅዷል። ግን ቄሱ ሲያነቡ እንደ መስማት ነው፤ ያለፈውን ገጽ መልሱልኝ ማለት አይቻልም። ለእኛ ትንሽ መዝገብ አላስፈለገንም። ይልቅ ያልተለወጠውን ገጽ በየጊዜው እንደገና አለመሥራት ብዙ ረዳን።

የእኛ የራሳችን ጉዳይ ፊደሉ ነው። ዓለሙ በአንዱ ቤት በዓይኑ «ዐ»፣ በሌላው በአልፋው «አ» ይጻፋል፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንዲሁ። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ንጽጽር ላይ ፊደሎቹን አንድ እንዲያደርግ ማዘዝ ሌላው የመዘግየት ምንጭ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ እናስተካክልና የተስተካከለውን ከዋናው ጎን እናስቀምጣለን። ዋናውን ግን አንነካም፤ ቤተሰቡ የጻፈው ስም የቤተሰቡ ነው።

እናትየው በሁለተኛው ስብሰባ መጡ። የወንድማቸው ስም ወዲያው ወጣ። ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና፣ «ከሥሩ የአባታችንን ስምም ጨምሪበት» አሉኝ።